ሥራ የፈታውን ኮምፒዩተር ለሳይንስ ስለ ማዋስ

(የሳይንስ ክበብ አባሎች በትምህርት ቤታችን 60ኛ ዓመት በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



 ንግግራችን ሰዎች በቤታቸው ያለውን ኮምፒዩተር ለሳይንስ ምርምር በነጻ ስለሚያውሱበት ሥራ ነው። ወደ ነገሩ ከመግባታችን አስቀድሞ ግን ያጠፋነውን ጥፋት መናገር ይገባናል፤ ይህ ንግግር የተወለደው ከዚያ ጥፋት ነውና።

ካቻምና ለትንሣኤ በዓል ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፥ በኮምፒዩተር ክፍል ያሉትን 12 ኮምፒዩተሮች ለማንም ሳንነግር፥ ሳናጠፋቸው ወደየቤታችን ሄድን። በያንዳንዳቸውም ላይ ከኢንተርኔት ያወረድነውን አንድ ፕሮግራም ጭነንባቸው ነበር። የሌሊት ዘበኛችን በመስኮቱ ብርሃን አይተው፥ ጆሮአቸውንም ወደ በሩ ቢያስጠጉ የማራገቢያዎቹን ድምፅ ሰሙ። በዓሉ አልፎ ስንመለስ አገኙንና፥ «እናንተ ልጆች፥ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። «አባባ፥ ኮምፒዩተሮቹ ናቸው» ብንላቸው፥ «ለማን?» አሉ። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን እንጂ ቀና መልስ አልሰጠናቸውም።

ነገሩ ወደ ዲሬክተራችን ደረሰ። አልተቈጡንም ብንል ሐሰት ይሆናል። ቊጣቸው ከበረደ በኋላ ግን ሦስት ጥያቄ ሰጥተው አሰናበቱን። ሥራው የማን ነው? ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? ትርፉስ ምንድን ነው? መልሱን ስታገኙ ተመልሳችሁ ኑ፥ እስከዚያው ግን ኮምፒዩተሮቹን አትንኩ አሉን። መልሱን ለመፈለግ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብን። እነሆ ዛሬ ያገኘነውን ይዘን ቀርበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ኮምፒዩተር በቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ተከፍቶ ሲውል የሚበልጠውን ጊዜ ሥራ ፈቶ ነው የሚያሳልፈው። ደብዳቤ በምንጽፍበት ጊዜ አንዱን ፊደል ነክተን ሁለተኛውን እስክንነካ ድረስ፥ እርሱ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቈጠር ስሌት ሊሠራ ይችል ነበር። ነገር ግን የሚያዘው ስለሌለ ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። በሌላ በኩል ደግሞ የሚያሰሉት ነገር እጅግ ስለ በዛባቸው፥ ያን ሁሉ የሚሠራ ታላቅ ኮምፒዩተር ለመግዛትም ሆነ ለመከራየት ገንዘብ ያነሳቸው ሊቃውንት አሉ። አንዱ ሥራ አጥቶ ሌላው ሠራተኛ አጥቶ ሳለ ሁለቱ እንዲገናኙ ማድረግ ነው የዚህ ሥራ ፍሬ ነገር። ከገጠር የመጣን ልጆች ይህን ለመረዳት ብዙ አልተቸገርንም፤ በአገራችን ደቦ ይባላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚባለውም ለዚህ የተስማማ ነው።

የዚህ ዐይነቱ ደቦ ስሙ በዓለም ላይ የገነነው በ1999 ነው። በሜይ 17 ቀን በዚያው ዓመት በአሜሪካ በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት «ሴቲ አት ሆም» የተባለውን ፕሮግራም ለማንኛውም ፈቃደኛ ሰው በነጻ አደሉ። ሐሳቡን በ1995 ያፈለቀው ዴቪድ ጌዲ ሲሆን፥ ዴቪድ አንደርሰንና ዳን ዌርታይመር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከፍጻሜ አደረሱት። የሚፈልጉትም ነገር፥ ከምድራችን ውጭ ባለ ዓለም አእምሮ ያለው ፍጥረት ቢኖር ምናልባት የላከው የሬዲዮ ምልክት ይገኝ እንደ ሆነ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብንናገር ደስ ይለናል፤ በክበባችን ከሁሉ ይልቅ የተወደደው ክፍል ይህ ነበርና። በፖርቶ ሪኮ ደሴት አሬሲቦ በተባለ ስፍራ፥ በተራሮች መካከል ባለ ጐድጓዳ ቦታ ላይ የተዘረጋ፥ ወርዱ 305 ሜትር የሆነ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ነበረ። ከሰማይ የሚመጣውን የሬዲዮ ሞገድ እየተቀበለ በቴፕ ላይ ይቀዳል። ሊቃውንቱ የመረጡት 1,420 ሚሊዮን ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ሲሆን፥ ምክንያቱም ሃይድሮጅን የተባለው በፍጥረተ ዓለም እጅግ የበዛው ንጥረ ነገር ራሱ በዚያ ሞገድ ስለሚያሰማ፥ ሰማይን የሚያጠና ማንኛውም ፍጡር ያውቀዋል ብለው ስለ ገመቱ ነው። በዚያን ጊዜ የአሬሲቦ የኢንተርኔት መስመር ይህን ሁሉ ለመላክ አይበቃም ነበርና፥ ቴፑ እየታሸገ በፖስታ ወደ በርክሌይ ይላክ ነበር። የሌላ ዓለም ድምፅ ፍለጋ በፖስታ መሄዱ ለእኛ እጅግ ደስ የሚል ነገር ሆኖብናል።

ቴፑ በርክሌይ ሲደርስ ይቈራረጣል። በመጀመሪያ ሞገዱ በስፋቱ 256 ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ክፍል ደግሞ በጊዜ ርዝመት 107 ሴኮንድ ያህል እየሆነ ይቈረጣል። እንዲህ የተገኘው አንዱ ቊራጭ 350 ኪሎ ባይት ያህል ነው፤ ዛሬ በስልካችን ከምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እጅግ ያነሰ ማለት ነው። ፈቃደኛው ሰው ፕሮግራሙን በኮምፒዩተሩ ላይ ከጫነ፥ ኮምፒዩተሩ አንድ ቊራጭ ከበርክሌይ ይቀበላል፤ ባለቤቱ ሥራውን ትቶ ሲነሣ ስሌቱን ይጀምራል፤ ባለቤቱ ተመልሶ ሲነካው ወዲያው ያቆማል። ሲጨርስ ውጤቱን ይልክና ሌላ ቊራጭ ይቀበላል። ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ወይም ሊተኛ በሄደበት ሰዓት ሁሉ ሥራው ይቀጥላል ማለት ነው።

ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ ሥራ ተካፈሉ። በማርች 31 ቀን 2020 በርክሌይ አዲስ ቊራጭ ማደሉን አቆመ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር 1 ቀን የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ፥ ከላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የነበረው ከባድ መሣሪያ ወድቆበት ፈረሰ። ከሌላ ዓለም የመጣ ነው ተብሎ የተረጋገጠ ምልክት እስካሁን ድረስ አልተገኘም።

ይህን ለክበባችን ባስረዳንበት ቅዳሜ ከባድ ክርክር ተነሣ። ከመካከላችን አንዷ እኅታችን፥ «ታዲያ 20 ዓመት ሙሉ በከንቱ ደከሙ ማለት ነዋ!» አለች። ሌሎቻችን የለም፥ በከንቱስ አልደከሙም አልን፤ ግን ምክንያቱን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብን። አንደኛው ነገር፥ የጠፋ በሬ የሚፈልግ ሰው አንዱን ሸለቆ ፈትሾ በዚያ የለም ብሎ ቢመለስ፥ ጎረቤቱ ያን ሸለቆ ዳግመኛ መፈተሽ አያስፈልገውም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ፥ እነዚሁ ሊቃውንት «ቦይንክ» የተባለውን የማከፋፈያ ፕሮግራም ሠርተው ለሌሎች ተመራማሪዎች ሁሉ በነጻ ሰጡ። ከዚህ በታች ከምንናገርላቸው ሥራዎች አያሌዎቹ የሚሠሩት በዚሁ ነው። እኅታችን ሁለተኛውን ተቀበለች፤ በመጀመሪያው ግን እስከ ዛሬ አልተስማማችም።

ሁሉ ሥራ እንዲህ ተቈራርሶ ሊታደል የሚችል እንዳይመስላችሁ። ጤፍ ማረም ለሃምሳ ሰው ይከፈላል፤ አንዱ የሚያርመው ቦታ ሌላው ከሚያርመው ጋር ምንም አይነካካምና። አንድን እንጀራ ግን ሃምሳ ሰው ሆኖ ቢጋግረው አይፈጥንም። ስሌትም እንደዚሁ ነው። የሁለተኛው ደረጃ ውጤት ከመጀመሪያው የሚወለድ ከሆነ፥ ኮምፒዩተሮቹ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ጊዜ ያልፋል፤ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ታላቅ ኮምፒዩተር ይሻላል። ለቤት ኮምፒዩተር የሚስማማው እንደ ጤፍ ማረም ያለው ነው።

እዚህ ላይ የሒሳብ መምህራችን አንድ ጥያቄ አነሡ። የማታውቁት ሰው የላከውን መልስ ትክክል ነው ብሎ ማን ይቀበላል? ጥያቄው የሚገባ ነው። የአንዱ ኮምፒዩተር በሙቀት ብዛት ይሳሳታል፤ ሌላው ደግሞ ሆን ብሎ ያታልላል። ማታለል ለምን ያስፈልጋል ብትሉ፥ ለተሠራው ሥራ ነጥብ ስለሚሰጥና የበለጠ ነጥብ ያገኙት ሰዎች ስም በሰንጠረዥ ስለሚወጣ ነው። በሴቲ አት ሆም ጊዜ ስሌቱን ሳይሠሩ የሐሰት ውጤት እየላኩ ነጥብ የሰበሰቡ ሰዎች ተገኝተዋል። ነጥቡ በገበያ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ቢሆንም ለነጥብ ሲባል የሚደረገውን ነገር እኛ ተማሮች ስለምናውቀው ብዙ አልተደነቅንም። ስለዚህ ሊቃውንቱ አንዱን ቊራጭ ለማይተዋወቁ ለሁለት ወይም ከዚያ ለሚበልጡ ሰዎች ይልካሉ፤ መልሱ ከተስማማ ይቀበሉታል፥ ካልተስማማ ለሌላ ሰው ይልካሉ። መምህራችን በፈተና ጊዜ በእናንተም ላይ ይህን ብናደርግ መልካም ነበር ብለው ሳቁ።

ይህ ሁለት ጊዜ የማስላት ልማድ አንድ ጊዜ ያስከተለው ነገር መልካም ታሪክ ሆኗል። በ2005 በፌብሩዋሪ ወር የተጀመረ «አይንስታይን አት ሆም» የተባለ ሥራ አለ፤ በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋምና በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በሚልዋኪ በብሩስ አለን መሪነት ያቋቋሙት ነው። ይህም ፑልሳር የተባሉትን ከዋክብት ይፈልጋል። ፑልሳር ማለት ታላቅ ኮከብ ፈንድቶ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው፥ እጅግ የጠበበና እጅግ የከበደ፥ በፍጥነት የሚሽከረከር አካል ነው። ሲሽከረከርም የሬዲዮ ሞገዱ እንደ መርከብ ማመልከቻ መብራት ብልጭ እልም እያለ ይደርሰናል። በ2010 በጁን ወር ከዚያው ከአሬሲቦ የመጣውን ቅጂ ሲያሰላ የነበረ አንድ የቤት ኮምፒዩተር፥ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 41 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር፥ ከዚያ በፊት ማንም የማያውቀው ፑልሳር ምልክት አገኘ። ኮምፒዩተሩ በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላም ያንኑ ቊራጭ እንዲያረጋግጥ የተላከለት፥ በጀርመን በማይንስ ከተማ ያለ የአንድ ሰው ኮምፒዩተር ያንኑ አገኘ። ግኝቱ በኦገስት ወር «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ሲወጣ፥ የሁለቱም ቤት ባለቤቶች አግኚዎች ተብለው ስማቸው ተጠቀሰ። ኮምፒዩተሮቻቸው ኮከቡን ባገኙበት ጊዜ እነርሱ አያውቁም ነበር። አባባ ዘበኛችን ይህን ስንነግራቸው፥ «እንግዲህ በዚያ በትንሣኤ ሌሊት ምን አግኝታችሁ ነበር?» አሉን። ምንም አላገኘንም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም፥ ዛሬም ያላቋረጠ ሌላ ፍለጋ አለ። ከራሱና ከ1 በቀር ሌላ ቊጥር እኩል የማያካፍለውን ቊጥር ብቸኛ ቁጥር እንደምንለው በክፍል ተምረናል። 2ን ደጋግመን በራሱ አባዝተን 1 ብንቀንስ አንዳንድ ጊዜ ብቸኛ ቁጥር ይገኛል፤ ይህ ዐይነቱ ቊጥር በ17ኛው መቶ ዓመት በነበረው ፈረንሳዊ መነኩሴ በማሪን መርሴን ስም ይጠራል። ጆርጅ ዎልትማን የተባለ አሜሪካዊ የፕሮግራም ሊቅ በ1996 እነዚህን ቊጥሮች በሕዝብ ኮምፒዩተሮች የመፈለጉን ሥራ መሠረተ። በ2017 በዲሴምበር ወር በቴነሲ ክፍለ ሀገር የሚኖር አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ፥ ከ14 ዓመት በላይ ሲፈልግ ኖሮ 23,249,425 አኃዝ ያለውን አንድ ቊጥር አገኘ። ቊጥሩ ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ አንድ ተራ ኮምፒዩተር ያለ ዕረፍት ስድስት ቀን ሠራ። በ2024 በኦክቶበር ወር ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ፥ 41,024,320 አኃዝ ያለው ተገኘ። ይህን የኋለኛውን ያገኘው ሰው ግን በብዙ አገሮች የተቀመጡ ኃይለኛ መሣሪያዎችን ተጠቅሞ እንጂ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ባለው ኮምፒዩተር አይደለም። ነገሩ ጥቂት አሳዝኖናል፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው።

ወላጆቻችን ግን፥ ኮከቡም ቊጥሩም ይሁን፥ የሰውን ሕይወት የሚረዳ ነገር የለምን? ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንገምታለን። አለ። በ2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በቪጃይ ፓንዴ የተመሠረተ «ፎልዲንግ አት ሆም» የተባለ ሥራ በሰውነታችን ያሉት ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚታጠፉና እንደሚንቀሳቀሱ ያሰላል። አንድ ፕሮቲን ቅርጹ ሲለዋወጥ ለጥቂት ቅጽበት የምትከፈት ጐድጓዳ ስፍራ ትኖረዋለች፤ መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎች የሚፈልጉት መድኃኒቱ የሚገባባትን ያችን ስፍራ ነው። በ2020 ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት ወራት፥ ሰው ሁሉ በየቤቱ ተዘግቶ ሳለ፥ ለዚህ ሥራ የተሰለፉት መሣሪያዎች ከ30 ሺህ ያህል ተነሥተው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በአንድ ላይ የነበራቸውም ጉልበት በአንድ ሴኮንድ 1 ጽፈን 18 ዜሮ ከምንጨምርበት ቊጥር የበለጠ ስሌት ደረሰ። በአንድ ስፍራ ያለ ታላቅ ኮምፒዩተር እዚህ ደረጃ መድረሱ በይፋ የተረጋገጠው ከሁለት ዓመት በኋላ በ2022 ነው። እንዲያውም በ2020 በማርች ወር የሚያድሉት ሥራ አጥሮ፥ አያሌ ፈቃደኞች ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ወረፋ ይጠብቁ ነበር።

መድኃኒቱ ወዲያው ተገኘ ብለን አናታልላችሁም። የተገኘው ነገር፥ የቫይረሱ ፕሮቲን ሲከፈትና ሲዘጋ ምን እንደሚመስልና የትኞቹ ስፍራዎች ለመድኃኒት እንደሚመቹ የሚያሳይ፥ ለዓለም ሁሉ በነጻ የተሰጠ ሥዕል ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በቤተ ሙከራና በሐኪም ቤት የሚሄድ ረጅም መንገድ ነው። በጃፓን በቺባ የካንሰር ማእከል ያሉ ተመራማሪዎችም እንደዚሁ፥ ኒውሮብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት ካንሰር የሚዋጋ ነገር ለማግኘት፥ «ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ» በተባለው ማኅበር ፈቃደኞች ኮምፒዩተር 3 ሚሊዮን ያህል ውሕዶችን መርምረው፥ በ2014 ተስፋ የሚሰጡ 7 መለየታቸውን አስታወቁ። ከ3 ሚሊዮን 7 ማለት ነው። እያንዳንዱን በቤተ ሙከራ እንመርምር ቢሉ የሰው ዕድሜ አይበቃቸውም ነበር።

ወደ አህጉራችንም የመጣ ደቦ አለ። በስዊስ የሐሩር አገር በሽታዎች ተቋም የተጀመረው «ማላሪያ ኮንትሮል» የተባለው ሥራ፥ ወባ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደምትተላለፍና አጐበር ወይም ክትባት ቢሰጥ ምን ያህል እንደምትቀንስ በብዙ ሺህ ኮምፒዩተሮች ያሰላ ነበር። በ2019 ደግሞ የኔዘርላንድ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰሐራ በታች ያለውን የአፍሪካ ዝናም ለማስላት በወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ በኩል ሥራ ጀመሩ። በእኛ ክፍለ ዓለም ብዙው ዝናም የሚወርደው አንዱን ቀበሌ አጥለቅልቆ ጎረቤቱን ደረቅ ከሚተው ጠባብ ደመና ነው፤ የተለመደው የአየር ትንበያ ስሌት ግን በሰፊው ስለሚመለከት ይህን ትንሽ ደመና አያየውም። ስለዚህ ምድሩን ከ35 ሺህ በሚበልጡ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍለው እያንዳንዱን ለአንድ ኮምፒዩተር ሰጡ። አባቶቻችን ገበሬዎች የሆኑት ልጆች ከሁሉ አብልጠን የወደድነው ይህን ነው። አንዱ ወንድማችን ለአባቱ ሲነግራቸው፥ «እና መቼ ይዘንማል አሉ?» ብለው ጠየቁት ይባላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ፤ ወጪውን የሚከፍለው ማን ነው? በዚህ ነገር ላይ በመጀመሪያ እኛ ራሳችን ተታለን ነበር። ሥራ የፈታ ኮምፒዩተር ቢሠራ ምንም አይጐድልበትም ብለን አስበን ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ግን የኤሌክትሪክ መለኪያ አምጥተው፥ ያው ኮምፒዩተር ዝም ብሎ ሲቀመጥና ሲያሰላ የሚስበውን ኃይል አሳዩን፤ ሲያሰላ 60 ዋት ያህል ጨመረ። 12 ኮምፒዩተሮች 10 ሰዓት ቢሠሩ 7 ነጥብ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 3,600 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲጋገርበት እንደሚፈጀው ማለት ነው። ይህ ለጭማሪው ብቻ ነው። በሌሊት መጥፋት የነበረባቸውን ከፍተን ስንተዋቸው ሌላውንም ኃይል በከንቱ አቃጥለናል። በደቦ ጊዜ የእርሻው ባለቤት ሠራተኛውን ያበላል ያጠጣል፤ በዚህኛው ደቦ ግን ሠራተኛው ጠላውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። እኛ ደግሞ ይዘን የመጣነው የራሳችንን ጠላ ሳይሆን የትምህርት ቤቱን ነበር።

ያለ ፈቃድ ማድረግ የሚያመጣውንም ነገር አንብበናል። በአሜሪካ በጆርጂያ ክፍለ ሀገር የአንድ ኮሌጅ የኮምፒዩተር ሠራተኛ የዚህን ዐይነት ፕሮግራም በኮሌጁ ኮምፒዩተሮች ላይ ያለ ፈቃድ ጫንህ ተብሎ በ2001 ተከሰሰ። በ2002 መጀመሪያ ነገሩ በስምምነት ሲያልቅ፥ የአንድ ዓመት አመክሮ፥ 2,100 ዶላርና 80 ሰዓት የሕዝብ አገልግሎት ተወሰነበት። ይህን ባነበብንበት ቀን ዲሬክተራችንን ስለ ቊጣቸው ልናመሰግናቸው ሄድን።

በቤታችሁ ይህን ለማድረግ የምትፈልጉ ብትኖሩ፥ ፕሮግራሙን ከሥራው ባለቤቶች ከራሳቸው ገጽ ብቻ አውርዱ፤ ሰው በእጁ ወይም በመልእክት የሚሰጣችሁን አትቀበሉ። የኢንተርኔት ሒሳባችሁ በጥቂቱ የሚገዛ ከሆነ በስልክ መስመር አትሞክሩት። ኮምፒዩተሩ አሮጌና የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ ከጉልበቱ እኩሌታውን ብቻ እንዲሠራ ማዘዝ ይቻላል፤ በላፕቶፕ ላይ ግን ይህም አይመከርም። አንዳንድ ወላጆች ይህ ቢትኮይን የሚባለውን ገንዘብ ማምረት ነው ወይ ብለው ጠይቀውናል። አይደለም። በዚያኛው ባለ መሣሪያው ገንዘብ ያገኛል፤ በዚህኛው ከምስጋና በቀር የሚያገኘው የለም።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? የሚለውን ጥያቄ ከሁሉ በላይ ያሰብንበት ነው። ፕሮግራሙ የደረሰበትን ደረጃ በየጊዜው ይመዘግባል፤ ስለዚህ መብራት ሲመጣ ከዚያው ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም። ባለፈው ዓመት ለሙከራ በተፈቀደልን በአንዱ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ስንት ጊዜ እንደ ደረሰ መቍጠር ትተናል።

ዛሬ ለዲሬክተራችን የምናቀርበው ልመና በትንሣኤ ካደረግነው የተለየ ነው። ሌሊት አንጠይቅም። ከሰዓት በኋላ ትምህርት እየተሰጠ ኮምፒዩተሮቹ ተከፍተው ባሉበት 4 ሰዓት ብቻ፥ ተማሪው እጁን ባነሣበት ቅጽበት እንዲያሰሉ እንለምናለን። ጭማሪው ለ12ቱ በቀን ቢበዛ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም፤ ገንዘቡንም በየወሩ ከክበባችን መዋጮ ለሒሳብ ክፍሉ ለመክፈል ተስማምተን ፈርመናል። የትኛውን ሥራ እንደምንረዳም በድምፅ መርጠናል፤ 19 ድምፅ ለፕሮቲኑ፥ 14 ለፑልሳሩ ሆኗል።

የሦስተኛው ጥያቄ መልስ አጭር ነው። ለትምህርት ቤቱ የሚገባ ገንዘብ የለም። የኑክሌር ምርምር ማእከል የሆነው ሰርን 50ኛ ዓመቱን በ2004 ሲያከብር፥ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነው ቀለበት ገና በመሠራት ላይ ነበር። በዚያ ቀለበት ውስጥ የሚሮጡት ጥቃቅን አካላት ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ ሲዞሩ ከመንገዳቸው ይወጡ እንደ ሆነ ለማስላት፥ በበዓሉ ምክንያት የተራውን ሰው ኮምፒዩተር እርዳታ ጠየቀ። ብዙ ሺህ ሰዎች ሰጡት። የእነርሱ ትርፍ ምን ነበር? ቀለበቱ በ2008 ሲከፈት፥ እኔም አስልቼበታለሁ ማለት ነበር። ትምህርት ቤታችንም በ60ኛ ዓመቱ ይህን ማለት ይችል እንደ ሆነ የሚወስኑት ዲሬክተራችን ናቸው።

ለሙከራ የተሰጠን አሮጌው ኮምፒዩተር በሳይንስ ክፍል በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ይገኛል። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ገብታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ አባባ ዘበኛችንም ስለ ፑልሳሩ ያስረዷችኋል፥ ከእኛ ይልቅ አሳምረው ይናገራሉና። ዛሬ ጧት ስናየው የያዘውን ቊራጭ ከመቶ 71 አድርሶት ነበር። መብራት ካልጠፋ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ይጨርሳል።